ተቆርጦ የታደለ መጽሐፍ

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ መጽሐፉን በምላጭ መገነጣጠል ስትጀምር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። መጽሐፍ ይቀደዳል እንዴ! እሷ ግን ምን ታድርግ፤ ተማሪው ብዙ፣ የተፈቀደላት መጽሐፍ አንድ። የጥራዙን ክር ተከትላ ምዕራፍ ምዕራፉን ለየችና ዕጣ አስወጣች።

"የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው" አለች። "የደረሳችሁን ምዕራፍ ቤት ወስዳችሁ ታነባላችሁ፤ ተራችሁ ሲደርስ ለክፍሉ ትተርካላችሁ። ሌላው ሰው የሚያውቀው እናንተ የነገራችሁትን ብቻ ነው። ዛሬ ዕጣ ያልወጣለት ደግሞ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ይጠብቅ።"

የሚቀጥለው መጽሐፍ መኖሩ ግን ገና አልታወቀም። ርዕሰ መምህሩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱን ከነላስቲካቸው ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፉ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ ቤት ከሄደ አይመለስም ባይ ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ በሚንቃጨለው የቁልፍ መዓት ምክንያት ተማሪው "ቃጭል" ይላቸዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው አልሰሙም። አስተማሪዋ ደጅ ጠንታቸው አንዷን መጽሐፍ ሲሰጧት እንዲህ ብለዋታል፦ "አንዲት ቅጠል ከጎደለች ቁም ሣጥኑን ሁለተኛ አላስከፍትም።"

የመጨረሻው ምዕራፍ ለማን ቢደርስ ጥሩ ነው? ለዔሊ! ዔሊ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጡላት እንግሊዝኛ ስታነብ በየቃሉ ላይ ስለምታርፍ ነው። የንባብ የቤት ሥራ በራሷ ጨርሳ አታውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ከጎኗ ከምትቀመጠው ልጅ ነበር የምትገለብጠው።

"ኧረ ቲቸር!" አለ ከኋላ ወንበር የክፍሉ ቀልደኛ። "እሷ እስክትጨርስ እኛ ልጅ እንድራለን!"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪዋ ግን ዕጣውን አልቀየረችም። "የሷ ነው" አለች፣ በቃ።

ታሪኩ በየቀኑ ይተረክ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ካፒቴን በጀልባው መንገደኞች አሳፍሮ ሰፊ ሐይቅ ሲያቋርጥ ጭጋግ ይወርድበታል። ሞተሩ ይሞታል። ከመንገደኞቹ መሃል የታመመ ሕፃን የያዘች እናት አለች። ሞተሩን እንደ ምንም ሲያስነሱት ደግሞ የሐይቁ ዳር በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ተማሪው በእረፍት ሰዓት ኳሱን ትቶ ስለ ጀልባዋ ይከራከራል፤ ይሰጥማሉ የሚለውና ይደርሳሉ የሚለው ሊደባደብ ምንም አልቀረው።

ዔሊም ማታ ማታ በአባቷ ልብስ መስፊያ ክፍል፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ መዝገበ ቃላቷን ዘርግታ ከምዕራፏ ጋር ትታገላለች። ማንም አልረዳትም፤ እሷም አልጠየቀች። አባቷ የስፌት መኪናውን ቆም እያደረገ "ደረሱ?" ይላታል።

"ገና ነው አባዬ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ተራዋ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀር አንድ ቅጠል ብቻ ቀራት፤ የመጨረሻዋ። ቸኩላ ልታነባት አልፈለገችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጨርስ ነው፤ ጠዋት ንጹሕ አእምሮ ይዛ ልታጣጥማት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

ጠዋት ቅጠሏ የለችም።

"አባዬ፣ እዚህ የነበረችው ወረቀትስ?"

አባቷ ካውያውን አስቀመጠ። "ያቺ… ጠንከር ያለችው?"

አባቷ ሲያስረዳ ላብ አጠመቀው። ኮሌታ ማቆሚያው ጨርቅ አልቆበት ኖሯል። የሚሰፋው ኮት ባለቤት ደግሞ በማለዳ መጥቶ ሥራ ረፈደብኝ፣ ቶሎ በል እያለ በራፉ ላይ ቆመ። ያገኛትን ወረቀት አጥፎ ኮሌታው ውስጥ ከተተና ሰፋበት፤ በኋላ አስመልሶ በደህና ጨርቅ ሊቀይርለት። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "አልቆረጥኳትም ልጄ፣ እንዳለች ናት።"

"ሰውየው ማን ነው?"

አባቷ መሬት መሬቱን አየ። "ዳይሬክተራችሁ።"

ጉድ ፈላ! አባቷ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሊሄድ ተነሳ፤ እሷ እምቢ አለች። ያኔ ትንሿን መቀስ አውጥቶ ሰጣት። "በስፌቱ ነው የምትከፍቺው፤ ጨርቁን እንዳትነኪ። ጥፋቱ የአባቴ ነው በያቸው፤ አትፍሪ የኔ እናት።"

ክፍል ስትገባ ርዕሰ መምህሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው። መጽሐፉ የሚያልቅበት ቀን ስለሆነ ቅጠሎቹን ሊረከቡ መጥተዋል። ዔሊ ግን ቆመችና መተረክ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ቢሆንም ያን ዕለት "ቶሎ በይ" ያላት የለም። የሕፃኑ ትኩሳት ሲጨምር፣ ውሃው ወደ ጀልባዋ ሲገባ፣ ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ "ማንም እንዳይተነፍስ፣ ልስማበት" ሲል፣ ቀልደኛው ልጅ ሳይቀር አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ከዚያስ?" አሉ።

ከዚያማ የምታውቀው አልቆ ነበር። ደርሰው ዳኑ ብላ ብትቀመጥ ማን ያውቅባታል? አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የራሷን ልፋት በውሸት መዝጋት አስጠላት።

"ከዚያ በኋላ ያለው" አለች ወደ ኋላ ወንበር እያየች፣ "ኮሌታዎ ውስጥ ነው፣ ዳይሬክተር።"

ማንም አልሳቀም። አስተማሪዋ ዐመድ መሰለች። ዔሊ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ኮሌታው ኮሽ አለ።

"ከጠዋት ጀምሮ ምንድነው የሚንኮሻኮሽብኝ እያልኩ…" አሉና ፊታቸው ጠቆረ። "ይኸው! ቅጠል ይጠፋል አላልኩም?"

አስተማሪዋ መልስ ልትሰጥ ስትል ቀልደኛው ልጅ ከወንበሩ ተነሳ። "ዳይሬክተር፣ ከመቆጣትዎ በፊት… ጀልባዋ ደረሰች ወይስ ሰጠመች?"

ርዕሰ መምህሩ ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ። ክፍሉ ሁሉ አንገት አንገታቸውን እያየ ነው። አፋቸውን መልሰው ገጠሙና ኮታቸውን አወለቁ።

ዔሊ በአባቷ መቀስ ክሩን አንድ በአንድ ፈታች፤ ጨርቁን አልነካችም። ርዕሰ መምህሩ ቅጠሏን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። ካፒቴኑ በጭጋጉ ውስጥ ድምፅ ሰማ። የመንደሩ ሰው ሐይቁ ዳር ወጥቶ ድስቱን፣ ክዳኑን፣ ባልዲውን፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀጠቅጣል፤ ጀልባዋ እንደዘገየች ያወቀ ሁሉ ወጥቷል። ሽማግሌው ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ወደ ድምፁ አዞረ። እናትየዋ ሕፃኗን አቅፋ መሬት ስትረግጥ ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አድርገው ጨረሱት።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ዔሊ እንባዋ መጣ፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

ርዕሰ መምህሩ ከሁሉም የተሰበሰቡትን ቅጠሎች ቆጠሩና ለአስተማሪዋ መለሱ። "አልጎደለም" አሉ። ኮታቸውን ከነተተረተረው ኮሌታው ለበሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "የሚቀጥለው መጽሐፍ ሲታደል ለኔም አንድ ምዕራፍ ይድረሰኝ። ብቻ መጨረሻውን አትስጡኝ፤ ያስጨንቃል።"

"መጨረሻውን እኔ እወስዳለሁ" አለች ዔሊ፣ ማንም ሳይጠይቃት።