አስቸጋሪ መንገደኛ ይፈለጋል

ትኬት ተቆጣጣሪው በአዲሱ ፈጣን ባቡር ላይ ልሥራ ብሎ አመልክቶ የተጣለው በፊቱ ምክንያት ነው። ፊት ለፊት የነገረው ሰው የለም። ግን በመራጩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሻይ ታቀርብ የነበረችው ሴትዮ ለጥበቃው ሹክ አለች፣ ጥበቃው ለመካኒኮቹ ነገረ፣ ለመካኒክ የተነገረ ነገር ደግሞ ለአገር እንደተነገረ ይቆጠራል። «ሥራውን ያውቃል፤ ፊቱ ግን መንገደኛ ያሸሻል» ነው አሉ የተባለው። ከዚያ ወዲህ ኩርፌ የሚል ስም ወጣለትና ሰው ሁሉ ዋናውን ስሙን ረሳው። ጨዋ የሆነው «ጋሽ ኩርፌ» ይለዋል። ጋሽ የምትለዋ እንደ ማስታገሻ መሆኗ ነው፤ ለሱ ግን በቁስሉ እንጨት እንደ መስደድ ነበረች።

ያንን ፊት ይዞት አልተወለደም። በዘገምተኛው ባቡር ላይ ከፉርጎ ፉርጎ እየተላተመ ያፈራው ፊት ነው። ዶሮ ወንበር ሥር ደብቆ «የምን ዶሮ?» ለሚል ሰው እስቲ ፈገግ በሉለት። ትኬት ሲባል እንቅልፍ ለሚጥለው፣ ጣቢያው ሲደርስ ግን እንደ ሚዳቋ ዘሎ ለሚወርደው እስቲ ጥርሳችሁን አሳዩት። ቢሮ ተቀምጦ ስለ ፈገግታ ማውራት ለማንም ይቀላል።

ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገበው ኮሚቴውን የመራው የገዛ ሚስቱ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው። ይህ ሰውዬ ተማሪ ሳለ የተኛው በኩርፌ ሶፋ ላይ፣ የለበሰው የኩርፌን ብርድ ልብስ፣ ሲያጠና ያነደደው የኩርፌን መብራት ነው። ዛሬ የፈጣን ባቡር ፕሮጀክት ኃላፊ ሆኗል። ቤት ሲመጣ «ጋሼ፣ ጋሼ» ይላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ግን ሰዓቱን ያያል። ሰዓት ማየት ሰላምታን የሚተካ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ ኩርፌ አንዱንም አልረሳለትም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ይኸው ኃላፊ አስጠራው። ቢሮው ውስጥ የፈጣኑ ባቡር አምሳያ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ ጥርሳቸው ከወተት የነጣ መንገደኞች በትልቁ ተሰቅለዋል። ኩርፌ በሥራ ዘመኑ እንደዚያ የሚስቅ መንገደኛ አጋጥሞት አያውቅም። ቢያጋጥመውም ትኬት የለውም ብሎ ይጠረጥረው ነበር።

«ጋሼ፣ በፈጣኑ ላይ ሥራ አግኝቼልሃለሁ።»

ልቡ ድንግጥ አለ፤ ፊቱ ካለበት አልተነቃነቀም። «የምን ሥራ?»

«መንገደኛ።»

«መንገደኛነት ሥራ ሆነ ደግሞ?»

«ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። ባቡሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አዲሶቹን አስተናጋጆች እንፈትናለን። የኛው ሠራተኞች ሀብታም ሀብታም መስለው፣ ክራቫት አስረው ይሳፈራሉ። ከመነሻ እስከ መድረሻ ፌርማታ የሚባል ነገር የለም። እና አንድ አስቸጋሪ መንገደኛ ያስፈልገናል። ሌሎቹን ሞከርናቸው፤ ይስቃሉ። ያንተ ፊት ግን፣ እንዴት ልበልህ፣ ዝግጅት አይፈልግም።»

ኩርፌ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ «ልጅህ ያለችበት ፉርጎ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ልጁ ከተፈታኞቹ አስተናጋጆች አንዷ ነበረች። ትምህርቷን ጨርሳ ያላንኳኳችው መሥሪያ ቤት የለም፤ «እንደውልልሻለን» ብለው የደወሉላት ግን የሉም። አሁን የቀረቻት ይህች ዕድል ብቻ ነች።

«የሚመርጡት የቦርዱ ሰብሳቢ ራሳቸው ናቸው» አለ ኃላፊው። «የእኔ የእህት ልጅ መሆኗን አያውቁም፤ ያንተ ልጅ መሆኗንም አያውቁም። ካወቁ በዘመድ መጣች ይሉና አለቀላት። ስለዚህ አታውቃትም። ደህና አድርገህ አስጨንቃት። አንተን የቻለች ማን ያቅታታል?»

ማታ እራት ላይ ኩርፌ ነገሩን ለሚስቱ አወራት። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ልጄን አስለቅሰህ እንዳትመጣ።»

«እሺ።»

«ራርተህላት ብትወድቅም እንዳትመጣ።»

«ታዲያ የት ልግባ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ልጅቷ በበኩሏ መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን ዘንበል እያደረገች ትለማመድ ነበር። በፈጣኑ ባቡር ላይ «የለም»፣ «አይሆንም»፣ «አይቻልም» የሚባሉ ቃላት ክልክል መሆናቸውን ለአባቷ አስረዳችው።

«መንገደኛው የማይሆን ነገር ከጠየቀሽስ?»

«ሁለት አማራጭ አቀርብለታለሁ።»

«መጸዳጃ ቤቱ ቢበላሽና ሰውዬው ቢቸኩል?»

ትንሽ አሰበች። «ሁለት ዓይነት ጭማቂ።»

«ምስኪን ሰውዬ» አለ ኩርፌ።

የሙከራው ቀን ጣቢያው ሰርግ ቤት መስሎ ዋለ። የፍሬን ባለሙያው ከነጢሙ ሕፃን የያዘች እናት ተብሎ ትራስ ታቅፏል። ሁለት መካኒኮች አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ገና ባቡሩ ሳይነሣ በመስኮቱ በኩል ማን ይቀመጥ በሚል ተኳርፈዋል። ሀዲድ ጠጋኞቹ ነጋዴዎች ሆነው እግራቸውን አነባብረዋል። ኃላፊው መሐል ላይ ቆሞ «ዛሬ የባቡር ሠራተኛ መሆናችሁን እርሱት፤ እናንተ መንገደኛ ናችሁ» አለ። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግር የማይወዱ ሴት፣ ፊት ባለው የክብር እንግዳ ክፍል ገብተው ጫማቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ከደኑ።

ባቡሩ ሲነሣ እንኳ አልታወቀም። ኩርፌ ይህን አልወደደለትም። ባቡር ሲነሣ ሰውን ወዝወዝ ማድረግ አለበት፤ አለበለዚያ ሰው መሄዱን በምን ያውቃል?

ልጁ ትሪ ይዛ መጣች። አዲስ ጫማዋ ጠቧት ብታነክስም አንገቷን እንደተማረችው ዘንበል አድርጋለች።

«ክቡር መንገደኛ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

ኩርፌ አስጨንቅ የተባለው ትዝ አለው፤ አንጀቱ ግን እምቢ አለ። እንዲያውም ፈገግ ሊልላት ሞከረ። ልጅቷ ውሃ የምታስቀምጥ መስላ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ እሱን ተው። ሰው ታስደነግጣለህ።»

ተወው። እንደምንም ሥራውን ጀመረ።

«ውሃው ይሞቃል።»

«ቀዝቃዛ ላምጣ ወይስ በበረዶ?»

«በቃ ተይው፣ ይሁን።»

«ወንበሩ ይጎረብጣል» አለ ደግሞ።

«ትራስ ላቅርብ ወይስ ወንበሩን ላዘንብለው?»

«ግድ የለም፣ ለመድኩት።»

ኃላፊው በአጠገቡ ሲያልፍ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ጋሼ፣ እያሽሞነሞንካት ነው፤ ልታስጥላት ነው» አለው። ወይ ጉድ አለ ኩርፌ በልቡ። ሰው ፊትህ ከፋ ብሎ ይጥልሃል፣ ያው ሰው መልሶ ለምን አልከፋህም ይልሃል።

እንዲህ እንዳለ ባቡሩ ሜዳ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊት ቀይ መብራት በርቷል። ከፊት ያለው የጥንቱ ዘገምተኛ ባቡር መስመሩን ገና አልለቀቀም ነበር፤ ሲያዘግም ማን ብሎት።

ባቡር ድንገት ሲቆም መንገደኛ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የባቡር ሠራተኛ ግን ይነሣል። ይህ ትምህርት የሚለውጠው፣ ክራቫት የሚሸፍነው ነገር አይደለም። መጀመሪያ የተነሣው ራሱ ኃላፊው ነው፤ አባቱም አያቱም የባቡር ሰዎች ናቸው። በሩን አስከፍቶ መብራቱን ሊያይ ወረደ። የፍሬን ባለሙያው ልጁን ወንበር ላይ ጣለና ፍሬኑን ሊያይ ተከተለ። ሙሽሮቹ ኮታቸውን እያወለቁ ጎማ ሥር ገቡ። ነጋዴዎቹ ሀዲዱን በእግራቸው ጫፍ እየመቱ ጆሯቸውን ጣሉ። አስተናጋጆቹ ደግሞ ጉዞው እስኪያልቅ ከመንገደኛችሁ እንዳትለዩ ተብለው ስለነበር፣ ጭማቂና ፎጣ በትሪ ይዘው በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ እየተንገዳገዱ ወረዱ። ሜዳው ላይ አንዱ ጎማ ሥር ተኝቶ ቁልፍ ሲፈልግ፣ አንዷ ከላዩ ቆማ «ብርቱካን ይሁን ማንጎ?» ትለዋለች።

የኩርፌም እግር ሳያዘው ተነሣ። ባቡር ሲቆም በር ላይ መቆም፣ ሾልኮ የሚገባ እንዳለ ማየት የሱ ሥራ ነው። ግን በመጀመሪያ ሜዳውን ማየት ፈለገ።

«መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

«ክቡር መንገደኛ፣ መጋረጃውን ልግለጥልዎት ወይስ ማቀዝቀዣውን ልጨምርልዎት?»

«መስኮቱን ነው ያልኩት። እንግዲያው በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ዞር በይ።»

«ክቡር መንገደኛ፣ መጽሔት ላምጣልዎት ወይስ...»

«ዞር በይ ልውረድ።»

ያኔ የልጅቷ አንገት ቀና አለ። ግንባሯ ተቋጠረ። ከአፏ የወጣው ድምፅም የማሠልጠኛው ሳይሆን የእናቷ ነበር።

«አባዬ፣ ተቀመጥ። መስኮቱን መክፈት አይቻልም፣ መውረድም የለም። አይሆንም።»

ኩርፌ ሳያስበው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሁለቱም ተፋጠው ቀሩ፤ እሱ እንደዚያ ተቆጥታው ስለማታውቅ፣ እሷ ደግሞ ክልክሎቹን ቃላት በአንድ ትንፋሽ መጨረሷ ገና ስለገባት።

ከዚያ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። በሮቹ በራሳቸው ተዘጉ። ነጂው ፊት ክፍሉ ተዘግቶበታል፤ ፈጣን ባቡር ማንንም አይጠብቅም ብለው በደንብ አስተምረውታል። ባቡሩ እንደ ዘይት ተንሸራተተ። በመስኮቱ ኃላፊው ክራቫቱ ትከሻው ላይ ዞሮ እጁን እያርገበገበ ሲሮጥ ታየ። ኩርፌ ዘመድ ነውና እጁን አውለበለበለት።

«በዚህ ባቡር ላይ አይሆንም የሚባል ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር» የሚል ድምፅ መጣ። የቦርዱ ሰብሳቢ በፉርጎው በር ላይ ቆመዋል። ባዶ ወንበሮቹን አዩ፣ ወንበር ላይ የተጋደመውን ትራስ አዩ፣ ኩርፌን አዩ።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«ወረዱ።»

«ይህ ባቡር እኮ መውረጃ የለውም። ዋናው ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

ኩርፌ ምላሱ በላው። ያ ሶፋ፣ ያ ብርድ ልብስ፣ ያ ሰዓት ማየት ሁሉ ተሰልፈው ጉሮሮው ላይ ቆመዋል። «የእርስዎ ኃላፊ መንገደኛውን ሜዳ ላይ በትኖ ቀረ፤ ፊተኛው ወራጅም እሱ ነው» ማለት ብቻ ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቀን እንደ በሰለ ፍሬ እጁ ላይ ወደቀ። ግን ኃላፊው ከወደቀ ፕሮጀክቱ ይወድቃል፤ ፕሮጀክቱ ከወደቀ ደግሞ ልጅቷ ያችን ጫማ አውልቃ ተመልሳ ቤት ትቀመጣለች።

«ባቡር ቆሞ ሲያዩ አያስችላቸውም፣ እመቤቴ። ልማድ ነው» አለ። «ኃላፊው ግን ሊመልሳቸው ነው የወረደው። ጎበዝ ሰው ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ሲል ጥርስ የተነቀለበት ያህል አመመው።

«እርስዎስ ለምን አልወረዱም?»

«ይህች ልጅ ከለከለችኝ።»

«መከልከል ክልክል ነው።»

ልጅቷ ትሪውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ኩርፌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው አመስግኖ ስለማያውቅ ቃሉን ከየት እንደሚጀምረው ጠፋው።

«ይኸውልዎት፣ እኔ ጥሩ ሰው አይደለሁም። ነጭናጫ ነኝ። ለመዝለል ነበር የተነሣሁት። ሌላዋ ብትሆን ጭማቂ ይዛ አብራኝ ትወርድ ነበር። ይህች ግን ተቀመጥ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። እኔን ተቀመጥ ብሎ ያስቀመጠኝ ሰው የለም። አለቆቼን ይጠይቁ።»

«ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ክራቫቱ ወደ ጆሮው ሸሽቷል፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል።

«አባቴ ነው» አለች።

«አንቺ ልጅ» አለ ኩርፌ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን አለበት ዝም ብትዪ?»

ሰብሳቢዋ ትራሱን አነሡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስገባ አይቻችኋለሁ እኮ። ተፋጣችሁ ነበር። ሰውዬው ከመስታወት ጋር የተጣላ ነው የመሰለኝ። እንዲህ ያለ ግንባር ከገበያ አይገዛም።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ስንት አስተናጋጅ ነው አብሮሽ የተሳፈረው?»

«ብዙ ነን፣ እመቤቴ።»

«ከዚህ ሁሉ ውስጥ መንገደኛዋን ያልጣለች አንቺ ብቻ ነሽ። አባትሽም ይሁን፣ ማንም ይሁን፣ ይኸው ወንበሩ ላይ አለ። ሌሎቹ የሉም። ሥራውን ወስደሻል። ለእነዚያ ደግሞ መኪና የሚልክላቸው ሰው ልፈልግ።» ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ልጅቷ ግራ ቀኝ አየችና ኩርፌ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ጣቶቿን አፍታታች። ከመስኮቱ ውጪ ኩርፌ ዘመኑን ሁሉ ትኬት ሲያይ የኖረባቸው ጣቢያዎች ስማቸው እንኳ ሳይነበብ ያልፋሉ። ለረጅም ጊዜ እነሱን ሲመለከት ቆየ።

«የደንብ ልብሱ ያምራል» አለ ወደ ውጪ እያየ።

«የምትለው ለኔ ነው ወይስ ለመስኮቱ?»

«ለማንም ይሁን» አለ ኩርፌ። «አረፍ በይ ትንሽ። መንገዱ ገና ነው።»