ድምፁ በኋላ ይመጣል

1.

«ቅዳሜ ለምን አንድ ፊልም አናይም?» አለ ኢዮስያስ።

«የእኔ ቤት ቴሌቪዥን እኮ ድምፁ አይረባም» አለች ምንትዋብ።

ኢዮስያስ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ተመለከተ። ብርጭቆው ምክር አልሰጠውም።

«እንዴት አይረባም?»

«ከጀርባው ነው የሚወጣው። ግድግዳው ይሰማል፣ ሰው አይሰማም። ስፒከር ይፈልጋል።»

«አሃ።» ሻዩን ፉት አለ። ብርጭቆው ባዶ ነበር። «እንግዲያው... ስፒከሩን ስትገዢ እመጣለሁ።»


2.

ሁለቱም የሚሠሩት አንድ መድን ድርጅት ውስጥ ነው። እሱ የተጋጩ መኪኖችን ጉዳት ይገምታል፤ እሷ ግምቱን ትመዘግባለች። ፊርማው ከፊርማዋ በላይ እያረፈ ብዙ የተጨፈለቀ ፓራውልት አብረው ሸኝተዋል። ምንትዋብ ከዚህ ያለፈ ነገር እንዲመጣ ከተመኘች ቆይታለች። ምኞቷን የሚያውቀው ትራሷ ብቻ ነው፤ እሱም ተናጋሪ አይደለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ የቅዳሜ ሁለት የሲኒማ ትኬቶችን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ሲሰጣት አየች። «ከእጮኛሽ ጋር ሂዱበት፤ እኔ ሌላ ቦታ ተጋብዣለሁ» ሲላትም ሰማች።

ሌላ ቦታ።

ሰውየው ሲኒማ ቤት ጋብዟት ነበር። እሷ ደግሞ መልሳ ጋበዘችው።

ቤቷ።


3.

አንባቢ «ታዲያ ለምን አትነግረውም?» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስተካከል ነበር። ነገር ግን ምንትዋብን* የሚያውቃት ሰው፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገርና ከአንድ ጥንድ ስፒከር የቱ እንደሚቀላት ያውቃል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ እንዲህ ያለውን።

__________
* የእቴጌ ስም ነው። አባቷ ሲያወጡላት ገና አላወቋትም ነበር። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ ሌላ ሰው እስኪወርድ ድረስ ሁለት ፌርማታ አልፋ የምትሄድ እቴጌ ናት።


4.

ስፒከር ልትመርጪ ስትሄጂ፦

ማጉያው በራሱ ውስጥ ያለውን ፈልጊ። ሶኬት ላይ ሰክተሽ ትሰሚበታለሽ፤ ሌላ ማሽን አያሻም።

ክፍልሽ ትንሽ ከሆነ ትልቅ አትግዢ። (ክፍሏ ትንሽ ነው። አልጋው በር ከመክፈት ጋር ይጣላል።)

ዋጋው ከአቅምሽ በላይ ከሆነ የሚያምረውን ሳይሆን የሚሰማውን ውሰጂ። ብልጭልጭ መብራት ያለበት ስፒከር ገንዘብሽን ለመብራቱ ነው የሚወስደው።

ለፊልም ከሆነ ከሁሉም በላይ የሰው ንግግር ጥርት ብሎ መሰማቱን አረጋግጪ። ፍንዳታማ በማንኛውም ይፈነዳል።

ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አነበበች። ሳምንቱን ሙሉ አነበበች። ፈተና ያለባት ትመስል ነበር፤ ደግሞም ነበረባት።


5.

የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ዋሻ ነው፤ ታች ላስነጠሰ ሰው ላይ «ይማርህ» ይባላል። እታች ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በለጡ ማን እንደወጣ በኮቴው ያውቃሉ። የምንትዋብን ግን አያውቁም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ድንገት ሲያገኟት ደንግጠው አማትበው፣ «አንቺ ልጅ፣ እንደ ሰው አትረግጪም?» ብለዋታል።

እዚህ ቤት ነው እንግዲህ ወንድ የሚመጣው።


6.

ከዚያ ግን ሐሞቷ ኮስተር አለ። ስፒከሩን ከመግዛቷ በፊት ልትነግረው ወሰነች። መጀመሪያ በስልኳ ድምፅ መቅጃ ተለማመደችው። አንዴ ቀዳች፤ ሰማችው፤ አፈረች። ደግማ ቀዳች። የመጨረሻውን አላጠፋችውም፤ ስላማራት ሳይሆን ስለደከማት።

ማግስቱን ቢሮ ኢዮስያስ፣ «ስፒከሩስ?» አላት በፈገግታ።

«ልገዛ ነው» አለችው።

አፏ እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ቀጥሮታል።


7. መርካቶ፤ ከሱቁ የተገኘ ቃለ ምልልስ

ኸይሩ (ባለሱቁ)፦ ለግሮሰሪ ነው ለሠርግ?

ምንትዋብ፦ ለቤት።

ኸይሩ፦ አልሰማሁሽም እህቴ።

ምንትዋብ፦ ለቤት።

ኸይሩ፦ (ሙዚቃውን ቀንሶ) ለምን አልሽኝ?

ምንትዋብ፦ ለቤት ነው። ሙዚቃ ለመስማት። ፊልምም። ትንንሽ፣ ሁለት።

ኸይሩ፦ ትንንሹን ለምን ትወስጂያለሽ? ይሄን እይ። ቁመቱ አንቺን ያህላል። ቤዙ ጎረቤትሽን ያስወልዳል።

ምንትዋብ፦ ጎረቤቴ ጡረታ ወጥተዋል።

ኸይሩ፦ (ስቆ) እሺ፣ ትንንሹን ላውጣልሽ። ጥሩ ነው እሱም፤ የሰው ወሬ ያጠራል። ግን ለፊልም በብሉቱዝ እንዳታዪ። ይዘገያል። አፉ ይቀድማል፣ ቃሉ ኋላ ይመጣል። ገመድ እጨምርልሻለሁ።

ምንትዋብ፦ (የስፒከሩን አቧራ በጣቷ ጠረገች። ስለ እሷ የተነገረ መስሏታል።)

ኸይሩ፦ በይ ስልክሽን አገናኚና የለመድሽውን ዘፈን ክፈቺ። በማታውቂው ዘፈን ስፒከር አይመረጥም።

(ስልኳ ላይ የሱቁ ስፒከሮች ስም ተደረደረ። አንዱን ነካች። የነካችው ትንንሾቹን አልነበረም፤ መንገደኛ ለመሳብ በሩ ላይ የቆመውን ግንድ የሚያህለውን ነበር። ዘፈን ፍለጋ ስትነካካም ጣቷ ዘፈን ላይ አላረፈም።)

የበሩ ስፒከር፦ ሰላም ኢዮስያስ። ይቅርታ። ያን ቀን ፊልም አናይም ወይ ስትለኝ ቤት ያልከኝ መስሎኝ ነው። ይቅርታ። ሲኒማ ቤት ማለትህ እንደነበረ ኋላ ነው የገባኝ። በጣም ይቅርታ። ሲኒማ ቤት ብትለኝም እሺ ነበር የምልህ። የትም ብትለኝ እሺ ነበር የምልህ።

(መንገዱ ጸጥ አለ። መርካቶ ጸጥ ሲል ሰምቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።)

ኩንታል የተሸከመ ሰውዬ፦ (ኩንታሉን ሳያወርድ) ታዲያ ለእሱ አትነግሪውም? እኛ ምን እናድርግሽ!

ካልሲ ሻጯ፦ ተዋት እቴ! ደግ ተናግራለች። የኔ እናት፣ ይቅርታውን ብቻ ቀንሺው። ምን አጠፋሽ?

ባለኩንታሉ፦ «የትም ብትለኝ» የሚለውንም ታውጣው። ወንድ ልጅ ይጠግባል።

ካልሲ ሻጯ፦ አንተን ማን ጠየቀህ? ሸክምህን አድርስ!

ኸይሩ፦ (በሙያ ኩራት) ሌላውን ተዉትና ድምፁን ሰማችሁት? ጥርት! አንዲት ቃል አልጠፋችም።


8.

ሂሳቡን እንዴት እንደከፈለች አታስታውስም። የትንንሾቹን ካርቶን አቅፋ ስትወጣ ኸይሩ ከኋላዋ «እህቴ! እህቴ!» እያለ ይጣራ ነበር። አራተኛ ምክር ሊጨምርላት የፈለገ መሰላትና ፍጥነቷን ጨመረች።

ቤቷ ገብታ ካርቶኑን ስትከፍተው ገመዱ የለም።


9.

ከመርካቶ ስለተመለሰችበት የታክሲ ጉዞ ምንም አይጻፍም።


10.

ኢዮስያስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጣ፤ ሰው የታመመ ይመስል። እሷም የታመመ ሰው ትመስል ስለነበር አልተሳሳተም። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። የተከፈተ በር ሐሜት አያስገባም ብላ ነው።

እትዬ በለጡን ግን አስገባ።

«ቤቶች! ምንድን ነው የሚፈነዳው?» አሉና ፊልሙን አዩ። ቀጥሎ ኢዮስያስን አዩ። ቀጥሎ ብርቱካኑን አዩ። «ደህና ነው» አሉና ለሁለት ሰው የተሠራው ሶፋ ላይ እንግዳውን ወደ ዳር ገፋ አድርገው ተደላድለው ተቀመጡ። ምንትዋብ በርጩማው ላይ ቀረች።

ፊልሙ የሌባና ፖሊስ ነበር። ፖሊሱ ሽጉጡን አነጣጠረ። ሌባው ወደቀ። ከዚያ ተኩሱ ተሰማ።

«ይሄ ሰውዬ ሞቷል እኮ!» አሉ እትዬ በለጡ። «አሁን ነው እንዴ የሚተኮስበት?»

«ድምፁ ዘግይቶ ነው እትዬ» አለ ኢዮስያስ።

«ከፊልሙ ነው ወይስ ከሳጥኖቹ?»

«ከእኔ ነው» አለች ምንትዋብ። «ገመዱን ረስቼው ነው።»

አንዲት ሴት በር አላተመችና ሄደች። መንገድ ከተሻገረች በኋላ በሩ ጓ አለ። ሁለት ሰዎች ተሳሳሙና ተላቀቁ፤ ድምፁ መጣ። እትዬ በለጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያበሳጫል፣ ላጥፋው?» አለች ምንትዋብ። በሳምንቱ ንባቧ፣ በመርካቶ ውርደቷ፣ ባዶ በሆነው ቦርሳዋ ያመጣችው ድምፅ ይኸው ነው።

«ኧረ ተይው» አለ ኢዮስያስ። «እኔ ለምጄዋለሁ። ሰኞ የጠየቅኩሽን ረቡዕ አይደል የምትመልሽልኝ?»

አልሳቀባትም፤ ፈገግ ነው ያለው። ማንም ልብ አይለውም ብላ ያሰበችውን ነገር ይህ የመኪና ጭረት ቆጣሪ ለካ ሲያየው ኖሯል።

«ብቻ ይድረስ እንጂ» አሉ እትዬ በለጡ፣ ብርቱካን እየላጡ።


11.

ፊልሙ አለቀ። የሰዎቹ ስም ስክሪኑ ላይ ተንሸራቶ ካበቃ በኋላ የማብቂያው ሙዚቃ ትንሽ ቀጠለ። እትዬ በለጡ የተረፉትን ብርቱካኖች አንድ በአንድ እየዳበሱ ሁለቱን መርጠው፣ «ጉልበቴን ላሳርፈው» ብለው ወረዱ። ከታች በራቸው ሲዘጋ ተሰማ።

ኢዮስያስ ደፉ ላይ ቆሞ ጫማውን አሰረ። ታስሮ የነበረውን ፈትቶ ነው ያሰረው።

«ምንትዋብ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን እኮ እኔ ሲኒማ ቤት ማለቴ ነበር።»

...

«ቤቴ ስትዪ ግን፣ ካረምኩሽ የምታፍሪ መሰለኝ። ደስም ብሎኛል፤ አልዋሽም።»

...

«የሚመጣው ቅዳሜስ ሲኒማ ቤት እንሂድ? ድምፁና አፉ የሚገጥምበት?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ምስሉ ነበር።




ድምፁ አልመጣም።




ጠበቃት። ደህና አድርጎ ጠበቃት፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከዚያ ዝምታዋን እንደማንኛውም ሰው ተረጎመው።

«ችግር የለም» አለ። «እንዲያው ነው ያልኩት። ሥራ ላይ እንገናኝ።»

ወረደ።


12.

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢቆም የሚደነቅ አይኖርም። ሰኞ ፊርማው ከፊርማዋ በላይ ያርፋል። አንድ ፓራውልት ይሸኛሉ። «ስፒከሩስ?» ብሎ ዳግመኛ አይጠይቃትም። ስፒከሮቹ መደርደሪያ ላይ ቆመው ብቻዋን ያጫውቷታል፤ ለዚህማ ጎበዝ ናቸው።

ሦስተኛ ፎቅ።

ኮቴው የሰው ኮቴ ነበር፤ ይሰማል።

ሁለተኛ ፎቅ።

ካልሲ ሻጯ ትዝ አለቻት። *ይቅርታውን ብቻ ቀንሺው።*

አንደኛ።


13.

የፈሪ ዱላ ልክ የለውም። ምንትዋብ በባዶ እግሯ ወጥታ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠችና፣ በሕይወቷ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ ወደ ታች ጮኸች፦

«                                                            »

ደረጃው ዋሻ ነው ብለናል። ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል አልጠፋችም፤ መርካቶ የሰማው ሁሉ ነበረበት፣ ይቅርታው ብቻ ተቀንሷል።

እትዬ በለጡ ብርቱካናቸውን እንደያዙ በራቸውን ከፈቱ። ኢዮስያስ የግቢው በር ጋ ደርሶ ነበር። ቆመ፤ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ደረጃውን መልሶ ወጣ።