ሦስት ጊዜ የጠበበ ሱሪ

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን ዝቅ አደረገና በአናቱ ላይ አሻግሮ አየኝ። «ጋሼ፣ ጉበትዎ ላይ ያለው ስብ ካለፈው ንቅንቅ አላለም። እውነቱን ይንገሩኝ፣ መጠጡን ትተዋል?» አለኝ። ያውም ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ!

«ከተውኩ ስምንት ወር ሆነኝ» አልኩት። እሱ ወረቀቱን መልሶ አየ። እሷም ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ መሬት መሬቱን አየች። ደሜ ፈላ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በስምንት ወር ውስጥ የገዛ ሱሪዬን ወገብ ሦስት ጊዜ አጥብቤያለሁ፤ የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች በተርታ አሉ፣ ማንም መጥቶ ሊቆጥራቸው ይችላል። ሱቄ የምሄደው በእግሬ ነው። ከስኳርና ከለስላሳ ጋር ከተቆራረጥን ቆየን። መጠጡንማ ደግሜ ከቀመስኩ ጓዟን ጠቅልላ እህቷ ቤት እንደምትገባ ባለቤቴ ምላ ነግራኛለች፤ ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት በአንድ ብርጭቆ የምለውጥ ጅል አይደለሁም። በመሃሉ የሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ፣ እዚያው ሆስፒታል ከረጢቱን በቀዶ ጥገና አውጥተውልኛል። ለቀዶ ጥገናው የላከኝም ይኸው ሐኪም ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ «መክሳቴ አይታይሽም?» አልኳት።

«መጠጥም ያከሳል» አለችኝ።

በማግስቱ ክር ገዝቼ ወደ ሱቅ ስመለስ የጨርቅ ጣቃዎቹ ተዘበራርቀው ጠበቁኝ። የሱቁ ሌላ ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ጠርሙስ ፍለጋ መሆኑ ነው! ሐሩን ከገበርዲኑ ጋር ጠቅጥቃው ሄዳለች።

ሥራ እምቢ ሲለኝ ከስምንት ወር በፊት የተሰጠኝንና የአሁኑን ወረቀት መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ቃል በቃል አንድ ናቸው። ፊደል የተሳተበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። የአሁኑ ታች ላይ «የሐሞት ከረጢት፦ ጤናማ» ይላል። የቱ ከረጢት? ራሳቸው አውጥተው የጣሉት?

ሱቁን ዘግቼ፣ ባለቤቴን ከቤት አስነስቼ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። የአልትራሳውንዷ ባለሙያ ሁለቱንም ወረቀቶች አየቻቸው። «ወረፋው ብዙ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የድሮውን ውጤት ከፍተን በላዩ ነው የምንሞላው። የእርስዎን ሳላስተካክል አትሜው ይሆናል» አለች፣ ወጥ ውስጥ ጨው መጨመር የረሳች ይመስል።

«እህቴ፣ እኔ በሌላ ሰው ልኬት ሱሪ ሰፍቼ ብሰጥሽ ትለብሺዋለሽ?» ብዬ ሸሚዜን ገልቤ «ሐሞቴ የወጣበት ይኸውና!» እያልኩ የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ አሳየኋት።

በር ላይ ከተሰለፉት አንዱ «ሐሞቱ ወጥቶ እንዲህ ከሆነ፣ ሳይወጣ እንዴት ነበር?» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አስተኝታ እንደ አዲስ አየችኝ። በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «ስቡ በጣም ቀንሷል፤ የቀረው ትንሽ ነው» አለች።

ሐኪሙ አዲሱን ወረቀት አንብቦ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እናየዋለን» አለኝ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ከአፉ አልወጣችም። ከረጢቱ ይውጣ ብሎ የፈረመው እሱ፣ ከረጢቱ አለ የሚለውን ወረቀት አምኖ እኔን በሚስቴ ፊት ውሸታም አደረገኝ እኮ!

ባለቤቴ ግን ደስ ብሏት ክንዴን እንደያዘች ሱቅ ድረስ መጣች። ጣቃዎቹን አብረን ማስተካከል ጀመርን።

«ቅድም ስትበረብሪ ጠርሙስ አገኘሽ?» አልኳት።

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አላመንሽኝም?»

ሐሩን ከገበርዲኑ ለይታ ለብቻው አስቀመጠችው። የገበርዲኑን ጣቃ አንስታ መጠቅለሏን ቀጠለች።