አባ ምንሽር ጠመንጃ ሲመርጥ

ጎበዜ ጠመንጃ ኖሮት እንደማያውቅ በሰፈራችን በክፋር አቭራሃም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ምስጢር ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይዤ የተቀመጥኩት ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ጥሩ ቀን እየጠበቅሁለት ስለነበር ነው።

ከምኩራቡ ፊት ለፊት ከዛፉ ሥር አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። ጡረታ የወጣን ሦስት ሽማግሌዎች እንቀመጥባታለን፤ እኔ ታረቀ፣ ያለው እና ጎበዜ። ሦስታችንም ዕድሜያችንን የጨረስነው የፋብሪካውን ሰፈር የኪርያት አርዬን ቢሮዎች ወለል ስንወለውል ነው። ስለ ወለል ግን አናወራም። ጎበዜ ስለ ምንሽሩ ያወራል። ጎንደር ሳለ በአንዲት ጥይት ከገደል ማዶ የቆመች ድኩላ ጣለ። መጀመሪያ ሲነግረን ገደሉ ወንዝ የሚያህል ነበር፤ እያደር እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከከተማችን ከፔታ ቲክቫ ገበያ እስከ እኛ ሰፈር ይደርሳል። ያለውም «አባ ምንሽር» ብሎ ስም አወጣለት፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ይጠራዋል።

እውነቱ ይኸውና። ጎበዜ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ የጌቶችን ጠመንጃ ይጠግን ነበር፤ እሱም አብሮት ይሠራ ነበር። ጠመንጃው ሲበጅ ባለቤቱ አንግቶት ይሄዳል፤ ሲሄድም «ቡዳ» ብሎን ይሄዳል። «ብሎን» ያልኩት አምልጦኝ ነው፤ እመለስበታለሁ። ወደዚህ አገር የሚያመጣን አውሮፕላን ላይ ስንወጣ ቀጥቃጭና ሸማኔ ነበርን፤ ስንወርድ ግን ሁላችንም የአዳኝና የመኳንንት ልጆች ሆነን ወረድን። የሚጠይቅ አልነበረም። ያለው አባቱን ፊታውራሪ አደረገ። እኔ ልኬን የማውቅ ሰው ነኝና በባለ ርስት ረካሁ።

ለቀላል ባቡሩ ብለው መንገዱን ሁሉ በቆፈሩበት ዓመት የምጠብቀው ቀን መጣ። የጎረቤቴ የሙሉነሽ ልጅ ኤሊሻ ከሠራዊት ወጥቶ ሞሻቭ በሚሉት አንድ የገበሬዎች መንደር ውስጥ ሥራ አገኘ። ሥራው የገበሬዎቹን ማሳ የሚያተራምሱትን የዱር አሳማዎች መምታት ነው። ፈቃዱን አውጥቷል። የቀረው ጠመንጃ መግዛት ነበር፤ እያንዳንዱን ጥይት በእጅ የሚያቀባብሉት ዓይነት፣ አልሞ አንድ ተኩሶ አንድ የሚጥል።

ሙሉነሽ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አሳማ? እንኳን እሱን ስሙንም ቤቴ እንዳታመጣ!»

«ኢማ» አላት እናቱን፣ «እተኩሳለሁ እንጂ አልነካውም።»

«ጠመንጃውስ ይነካዋል?»

«ጥይቱ ነው የሚነካው።»

ትንሽ አሰበችበት። «በሰደር፣ እሺ። ግን አባ ጎበዜ ሳይመርጥልህና ሳይመርቅልህ አትገዛም። እኛ ቤት ትልቅ ነገር ያለ ሽማግሌ ተገዝቶ አያውቅም።»

ይህን ሐሳብ ማን ጆሮዋ ውስጥ እንዳስገባ አልደብቅም። እኔ ነኝ።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ጎበዜ ሲሰማ «ጉልበቴን ያመኛል» አለ። በማግስቱ «ዓይኔም ደክሟል» አለ። «አንተ ከገደል ማዶ የምትመታ ሰው፣ ሱቅ ውስጥ ያለ ጠመንጃ አይታይህም?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከአንድ መንደር እንደመጣን ያውቃል፤ ምን እየሠራሁ እንደሆነም ገብቶታል። ለአፍታ አዘንኩለት። ከዚያ ድኩላዋ ትዝ አለችኝና ሐዘኔ ጠፋ፤ እኔ ወሬ በጀመርኩ ቁጥር በእሷ ነው የሚያቋርጠኝ።

እሁድ ጠዋት አራታችን ኪርያት አርዬ ወዳለ አንድ የጠመንጃ ሱቅ ሄድን። ጎበዜ የሰንበት ኮቱን ለብሷል። ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ጠመንጃዎች አወጣልን። አንደኛው ሰደፉ የሚያብረቀርቅ ቀይ እንጨት ነው፤ ጎኑ ላይ ባለ ቀንድ አጋዘን ተቀርጾበታል። ሁለተኛው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ዕድሜ ልካችንን የያዝነውን የመወልወያ እጀታ ይመስላል።

ያለው ባለ አጋዘኑን አንሥቶ መዘነው። «ይኼ ነው። ጠመንጃ ከከበደ ሩቅ ይመታል። የአባቴን የፊታውራሪውን ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው።»

«አጋዘኑንስ አያችሁት? አዳኝ የሚይዘው ይህን ነው» አልኩ እኔ። ሻጩም ራሱን እየነቀነቀ ደገፈን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ጎበዜ ዞርን።

የኮቱን ቁልፍ ፈትቶ እንደገና ቆለፈ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። እጁ ብረቱን ሲነካ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ማንም ሳያሳየው ማቀባበያውን ስቦ ከነጭራሹ አወጣው፤ የብረቱን ቱቦ ወደ መስኮቱ አቅንቶ በአንድ ዓይኑ አጮለቀበት። የአፈሙዙን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዙሪያውን ዳሰሰ። ከኪሱ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ አውጥቶ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ሊያሾልክ ሞከረ። ወረቀቱ መንገድ ላይ ተያዘ። በጥቁሩም እንዲሁ አደረገ፤ በዚህኛው ወረቀቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሾለከ።

«ይህን ውሰድ» አለው ኤሊሻን፣ ጥቁሩን እየሰጠው።

ሻጩ ሳቀ። «ለምን አባ?» አለ ኤሊሻ።

«ያኛው እንጨቱ ብረቱን ይነካል። ብረት ሲተኮስበት ይግላል፣ ይርገበገባል፤ እንጨት ከነካው ይገፋዋል። የአፈሙዙም ጠርዝ ተሸርፏል፤ ጥይቱ ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በመጀመሪያው ጥይት ይመታልህ ይሆናል። በሦስተኛው ያሳፍርሃል።»

ከሱቁ ሥር ምድር ቤት ውስጥ የመተኮሻ ቦታ አለ። ኤሊሻ በሠራዊት አልሞ ተኳሽ ነበር። በባለ አጋዘኑ ሦስት ተኮሰ፤ ሦስቱ ቀዳዳዎች የተኳረፉ ይመስል ለየብቻቸው ተቀመጡ። በጥቁሩም ሦስት ተኮሰ። «ሁለቱን ሳተ!» ብሎ ያለው ጮኸ፤ የሚታየው አንድ ቀዳዳ ነበርና። ወረቀቱ ሲመጣ አየነው። ሦስቱም ጥይት በአንድ ቀዳዳ አልፏል።

«አባ ጎበዜ፣ ይህን አደን ላይ አይማሩትም» አለ ኤሊሻ። «የት ነው የተማሩት?»

ጎበዜ ወደ እኔ ተመለከተ። ድኩላዋን ቢያመጣት የሚከራከረው አልነበረም። እሱ ግን ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በትንሽ ድምፅ፣ «ጠመንጃ ኖሮኝ አያውቅም ልጄ። ድኩላም አልጣልኩም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ የምንጠግነው የሰው ጠመንጃ ነው» አለ።

እኔ በሽቄ ልሞት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያቆየሁትን ምስጢር ባለቤቱ ራሱ ቀማኝ።

«ነሻክ!» ብሎ ጮኸ ኤሊሻ። «እርስዎ ነሻክ ነዎት እኮ! በሠራዊት ጠመንጃችንን የሚያበጀው ሰው! እውነቴን ነው፣ እኛ ያለ እሱ ምንም አይደለንም። ለምን እስከ ዛሬ ደበቁን?» ጎንበስ ብሎ የጎበዜን እጅ ሳመ። ሻጩም ጨበጠውና እየመጣ ጠመንጃዎቹን እንዲያይለት ለመነው። ጎበዜ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ያ እጅ ለሥራው ከስድብ ሌላ ሲሰጠው አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አግዳሚዋ ጋ ስደርስ ሰፈሩ ተሰብስቧል፤ ወጣቶቹ ሳይቀሩ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተዋል። ያለው ያወራል። «የኔም አባት ፊታውራሪ ይባል እንጂ ሙያው ቅጥቀጣ ነበር» ይላል። ጎረቤታችን ባይነሽ ደግሞ አያቷ ማረሻ ብቻ ሳይሆን መድፍም ይሠሩ እንደነበር አስታወሰች። እስከ ቀትር ድረስ በክፋር አቭራሃም የቀጥቃጭ ዘር ያልሆነ ሰው አልተረፈም።

እኔም አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። «ስሙኝ» አልኩ። «የጎበዜ አባት ሲቀጠቅጥ ወናፉን የሚነፋው የኔ አባት ነበር። የሚቀጠቅጡበት ጎጆ የሁለቱ ነበር። ያ እሳት የአባቴ እሳት ነበር።» እዚህ አገር ከመጣሁ ስለ አባቴ እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አግዳሚዋ በሳቅ ተናወጠች። «ቁጭ በል ታረቀ» አለ ያለው፣ በሳቅ የፈሰሰ እንባውን እየጠረገ። «አንተ የባለ ርስት ልጅ ነህ፤ ስንት ዓመት ስትነግረን አልነበር? ዛሬ ሰው ቀጥቃጭ ሆነ ብለህ አባትህን ትክዳለህ?»

ወደ ጎበዜ ዞርኩ። እሱ ያውቃል፤ በዓለም ላይ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቃል ቢመሰክርልኝ ይበቃኛል። በዓይኔ ለመንኩት።

ጎበዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለው ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የታረቀ አባት ርስት ሰፊ ነበር። ያቺን ድኩላ የጣልኳት እዚያ መሬት ላይ ነው።»

ተቀመጥኩ።