የሙጫው ላብ

ቀለሙ በአምስተኛው ቀንም አልደረቀም። ባዩሚ አውራ ጣቱን በጀልባዋ ጎን ላይ ጫን አድርጎ ሲያነሳው ሰማያዊው እንደ ማር እየተሳበ ተከተለው። ነፋስ ያመጣው የመጋዝ ብናኝ፣ የእርግብ ላባ፣ የሲጋራ ወረቀት ሳይቀር ተለጥፎበታል። ከትናንት ወዲያ አንዲት ድመት ታክካው አልፋ ከጎኗ ፀጉር ትታበት ሄዳለች።

«ኡስታ ባዩሚ!» አለ ከማዶ አሮጌ መርከብ የሚጠግን አናጺ። «ላባ አበቀለችልህ እኮ! ከባሕር ነው የምትለቃት ወይስ ከሰገነት?»

የግቢው ሰው ሳቀ። በባሕር ዳሩ ሰፈር፣ በአንፉሺ የጀልባ ሠሪዎች ግቢ፣ አርባ ዓመት ቀለም ቀብቶ ኡስታ፣ ማለት የእጅ ባለሙያ፣ የተባለ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አያጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አናጺውን ከነመዶሻው ያስቀው ነበር። ከሸሐታ ሞት ወዲህ ግን ቀልድ ሲመጣለት ለማን እንደሚናገረው ይጠፋዋል። መፋቂያውን አነሣና ቀለሙን መላጥ ጀመረ። እየተጠቀለለ ወረደለት። ከሥሩ ብቅ ያለው የሸሐታ ሙጫ ነው፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ የጥዱን መስመር አንድ በአንድ የሚያሳይ።

ሸሐታ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ሠራ፣ ባዩሚ ቀባ። አንዱ መዶሻውን ሲያስቀምጥ ሌላው ብሩሹን ያነሣል፤ ሰውም የሁለቱን ስም ለይቶ አይጠራም ነበር። ኋላ ሸሐታ እንጨቱን በፋይበር ጨርቅ አልብሶ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ማጠጣት ተማረ። ውሃ አያስገባም፣ ትል አይበላውም አለ። ባዩሚ ግን እንጨት መተንፈስ አለበት ባይ ነበር። አንድ ቀን በዚሁ ግቢ፣ ሰው እየሰማ፣ «ብርጭቆ ላይ ቀለም አልቀባም! ከፈለግህ ሻይ ቅዳባት!» አለው። ሳቅ ሆነ። ሸሐታ አልሳቀም። ባዩሚ ዕቃውን ሰብስቦ ለሥራ ወደ ረሺድ ከተማ ሄደ፤ ስልኩንም ዘጋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ የወንድሙ መቃብር አፈር እንኳ ደርቆ ነበር። ልቡ ነው አሉት፤ ሻይ እየጠጣ ነው አሉት።

ጀልባዋን ሸሐታ ለራሱ ነበር የሠራት። ስድስት ሜትር፣ ከታች እስከ ላይ የእጁ ሥራ። አሁን የሚስቱ የኢንሺራሕ ናት። ሬይስ ገባሪ የሚባል ካፒቴን በዚህ ወቅት ሊያጠምድባት፣ ከሚገኘው ዓሣም ግማሹን ለኢንሺራሕ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ሴትዮዋ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እርቃኑን የቀረ ሙጫ ደግሞ ፀሐይ አይችልም፤ በአንድ በጋ ቢጫ ይሆናል፣ በሁለተኛው ይፈረፈራል። ይኼንን ባዩሚም ያውቃል። ለዚህ ነው ማንም ሳይለምነው ብሩሹን ይዞ የመጣው።

ሐጅ ድሱቂ፣ የግቢው ባለቤት፣ መቁጠሪያውን እየፈተለ ቀረበ።

«ገባሪ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣል» አለ። «ቀለሙ ይዞላት ካያት ለሁለተኛው ቅብ እስከ ቅዳሜ ይታገሣል። እንዲህ ካያት ግን በሌላ ጀልባ ይወጣል። ቁርጡን ነግሮኛል።»

«ገባኝ፣ ሐጅ።»

«በቲነር ወልውለሃታል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እና?»

«እና ይኸው።»

ሐጅ ድሱቂ ላባውን አየ፣ ድመቷ የተወችውን ፀጉር አየ። «ሸሐታ ቢኖር...» ብሎ ጀመረና ተወው። መቁጠሪያውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ኢንሺራሕ ስትመጣ ቀለሙ ተልጦ አልቆ ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ ፉል የተጠቀለለበት ዳቦ በጋዜጣ ይዛለች። ከመቀመጧ በፊት እጇን ዘርግታ የጀልባዋን ጎን ዳሰሰች፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ነገር ሁሉ በእጇ ነው የምታየው።

«ወዝ አለው» አለች።

«ቲነር ነው።»

«ቲነር አይደለም። ላቡ ነው።» ጣቶቿን እርስ በርስ አሻሸች። «አላጠብከውም እንዴ፣ ወንድሜ?»

«በቲነር አጥቤዋለሁ እያልኩሽ!»

«በቲነርማ ታሰራጨዋለህ እንጂ መች ይወጣል! በውሃ ነው። ሙጫ ማታ በባሕሩ እርጥበት ሲደርቅ ያልበዋል፣ እንደ ሰው፤ ላቡን ሳያጥቡ የቀቡት ቀለም አይይዝም ይል ነበር። እኔው ቤት ግቢ ውስጥ ስንቱን ቁራጭ በዕቃ ማጠቢያዬ ሲፈትግ ኖሯል። ስፖንጅ የጨረሰብኝ እሱ ነው።»

«ውሃ!» አለ ባዩሚ። «ለዘይት ቀለም ውሃ? ይኼንን ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

ኢንሺራሕ ዳቦውን ከጋዜጣው አውጥታ ሰጠችው። «መች አናገርከው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ባዩሚ ዳቦውን ያዘ እንጂ አልበላም። አርባው ቀን እስኪያልፍ አፉ ላይ ሲመላለስ የቆየውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቀ።

«ማን አጠበው?»

«ሐጅ ድሱቂና የመስጊዱ ሰውዬ። አንተን እስከ አሱር ሶላት ጠበቅን። ልጆቹ ረሺድ ድረስ ደወሉ። ኋላ ሐጅ፣ ሟች አይጠበቅም አለ። እውነቱን ነው፤ ሞቃት ቀን ነበር።»

ባዩሚ ዳቦውን መሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ ባልዲ ፍለጋ ሄደ።

ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ቱቦው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ውሏል። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰበሰበና ስፖንጁን ነክሮ ጀመረ። አንድ ክንድ ያህል እንደ ሄደ፣ ሟች ሲታጠብ እንደሚደረገው፣ ከቀኝ ጎኗ እንደ ጀመረ አስተዋለ። አስቦበት አልነበረም፤ ወይም አስቦበት ይሆናል። ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ፣ ገላ እንዳይጎዳ የሚፈራ ይመስል አጠበ። ነጭ አረፋ የሚመስል ነገር እየወጣ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ኢንሺራሕ ባልዲ ሞልታ ታመጣለች፣ የቆሸሸውን ትደፋለች። ቀኙ ሲያልቅ ግራውን አጠበ። ከዚያ ሁለቱንም እንደ ገና። ከዚያ ሦስተኛ።

ማዶ ያለው አናጺ መዶሻውን አቆመ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የባዩሚን እጅ ጥቂት ካየ በኋላ ፊቱን መልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ውሃው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ መጣ። የሚያብለጨልጭ ነጥብ አንድ እንኳ መቅረት የለበትም፤ ያብለጨለጨበት ቦታ ቀለሙ ይላጣል። ይኼን ለባዩሚ ማንም አይነግረውም። እጁ እስኪዝል ፈተገ። ያ የብርጭቆ ጥራት ጥቂት በጥቂት ደበዘዘ፤ ጀልባዋ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስኮት ነጣች፤ የጥዱም መስመር ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ብናኙን ለማስወገድ ስፖንጁን አርጥቦ ለመጨረሻ ጊዜ ጎኗን ጠረገው።

በግራ በኩል፣ ከኋላዋ አጠገብ፣ ስፖንጁ ባለፈበት ጽሑፍ ወጣ።

ባዩሚ እጁን አቆመ። እርጥበቱ ሙጫውን ለጊዜው መልሶ አጥርቶታል፤ ከሥሩ፣ እንጨቱ ላይ፣ የአናጺ እርሳስ ጽሑፍ አለ። ሸሐታ ወረቀት ይዞ አያውቅም። የሚያስበውን ሁሉ እንጨት ላይ ነበር የሚጽፈው፤ የቤቱ በር እንኳ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። ባለፈው ሳምንት ባዩሚ በንዴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀብቶ ሲጨርስ አላየውም ነበር፤ ዛሬም ሲያጥብ የሰማያዊው ቅሪትና አረፋው ሸፍኖበታል። ሦስት መስመር ነው። አንብቦ ሳይጨርስ ውሃው ደረቀ፣ ሙጫው ነጣ፣ ጽሑፉ ጠፋ።

እንደ ገና አረጠበው።

«ምን አየህ?» አለች ኢንሺራሕ።

«ጽፎበታል።»

ተነሥታ መጣች፤ ፊቷን አስጠግታ አየችው። «ለኔ ጭረት ነው። አንብብልኝ።»

«አርባ ሚስማር፣ ይላል።»

«አምጥቷል። እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ነው።»

«የኢንሺራሕ የዓይን ጠብታ።»

«አምጥቶልኛል» አለች። «ያንኑ ዕለት። ሌላስ?»

ባዩሚ ስፖንጁን አነሣ። ቦታው እየነጣ ነበር። ስፖንጁን ጨመቀበት።

«ባዩሚን መጠየቅ፣ ይላል።»

«ምኑን?»

«አይልም።»

ኢንሺራሕ መዳፏን ጽሑፉ ላይ አሳረፈች።

«ስንቱን ሊሆን ይችላል» አለች። «እሱ'ኮ ነገር ሲጠፋው 'ባዩሚን እጠይቃለሁ' ነው። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ሲያፈስ ባዩሚን እጠይቃለሁ። ልጅቱን ማን ያግባት፣ ባዩሚን እጠይቃለሁ። ተጣልታችሁም እንደዚያው ነበር የሚለው። ሚስትህ ማን ናት፣ እኔ ነኝ ወይስ ባዩሚ፣ እለው ነበር።» ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ባልዲውን ደፍታ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች። «እኔ ልሂድ። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱ አይታየኝም።»

ብቻውን ቀረ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ጤዛ ይወርዳል፤ በጤዛ ላይ የተቀባ ቀለም ቀለም አይደለም። ቆርቆሮውን ከፍቶ በዘንግ አማሰለ። ሰማያዊው ወፍራም ሆኖ ተነሣ። ከፊቷ ጀመረ። ቀለሙ ያዘ። ከብሩሹ ወርዶ እንጨት እንዳገኘ ቀለም ረግቶ ተቀመጠ፤ አልሸሸም፣ አልተሰበሰበም። ባዩሚ ይኼን ሲያይ ለአንድ አፍታ ዞር አለ። የሸሐታ መዶሻና መጋዝ ሁልጊዜ ይጋደሙበት በነበረው በኩል ማንም አልነበረም። ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቀኙን ጨረሰ። በግራ ዞሮ ከፊቷ ወደ ኋላዋ መጣ። ጽሑፉ ያለበት ቦታ ሁለት ክንድ ሲቀረው ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋድሞ፣ ስፖንጁን አነሣና አረጠበው። አነበበ። ሲነጣ ጠበቀ። ከዚያ ደግሞ አረጠበው። ይኼ አራተኛው ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ፀሐይዋ አንድ ጣት ያህል ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ቀለም ከለበሰ በኋላ ጽሑፉን ፀሐይም ሰውም አያገኘውም። እንጨቱ እስካለ ድረስ እዚያው ይኖራል። እሱም አያገኘውም።

ለአምስተኛ ጊዜ አላረጠበውም። የቆርቆሮውን ክዳን አንሥቶ ያራግብበት ጀመር። ሚስማሩ መጀመሪያ ጠፋ። ቀጥሎ ጠብታው። የእሱ ስም ያለበት መስመር ከታች በኩል ስለሆነ፣ ውሃው እዚያ ስለተጠራቀመ፣ ዘገየ። ፊደሎቹ ከዳር ወደ መሐል ነጡ።

በግቢው በር በኩል ሐጅ ድሱቂና ሬይስ ገባሪ ገቡ። ገባሪ ከሩቅ ጀልባዋን አየና እጁን አነሣ።

«ይዟል!» አለ ሐጅ ድሱቂ። «አየህ ገባሪ? ይዟል አላልኩህም?»

«እሱስ ይዟል» አለ ገባሪ እየቀረበ። «ኡስታ፣ ያቺን ቁራጭ ደግሞ ለማን ተውካት? ጨርሳትና ሻይ እንጠጣ እንጂ፤ ፀሐይዋ ሄደች'ኮ!»

ባዩሚ በቀኝ እጁ ብሩሹን ይዟል። የግራ እጁን ጣቶች ባልተቀባው ቦታ ላይ አሳረፈ። ደርቋል።

«ትንሽ ቆዩ» አለ። «ገና እርጥብ ነው።»