በቡሬ ኬላ የመጣብኝ ወላፈን

«በሽታ አይደለም፤ የወር አበባሽ ሊሰናበትሽ ነው። ወላፈኑ ሲመጣብሽ ጋቢሽን ጣይው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪበት» ብለውኝ ነበር፣ አዋላጇ እማማ ቻይነሽ። መቼ እንደሚመጣ ግን ማን ያውቃል! ቡሬ መግቢያ፣ የጣልያን ኬላ ላይ ስደርስ መጣ።

ጋቢዬን እንዳልጥል፣ ከሥሩ ለአርበኞች የማደርሰውን ጥይት ታጥቄያለሁ። ፊቴ ፍም መሰለ፤ ላቡ በአንገቴ ወረደ። ባንዳው ሊፈትሸኝ እጁን ዘረጋ።

«ተስቦ ይዞኝ ነው፤ እስቲ ደግፈኝ ወንድሜ» አልሁት።

ወደ ኋላ ሲዘል ጠመንጃው ከትከሻው ወደቀ። «ሂጂ! ጥፊ ከዚህ!»

ሳቄን እየዋጥሁ በረርሁ! ወንዙን ስሻገር ሁለተኛው ኬላ ታየኝ። ግንባሬን ብነካው ደርቋል፤ ስረግመው የከረምሁት ወላፈን ጥሎኝ ሄዷል።

«ኧረ ተመለስ!» አልሁት።