አጭሩ አልጋ

«ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፣ ወይዘሮ!» አለች የሙዚየሙ ጠባቂ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«መውጣት ነው የምፈልገው! በሩ እኮ ያውና!» አለች ሄንሪካ።

«እሱ መግቢያ ነው። መውጫው ከንግሥቲቱ መኝታ ክፍል ቀጥሎ ነው። ይለፉ።»

ሄንሪካ በንዴት ጦፈች። ከታናሽ እህቷ ከቦዠና ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቆም አንገሽግሿታል፤ የዚህ የተረገመ ቤተ መንግሥት ክፍል ደግሞ አያልቅም። ቲኬቱን የገዛችው የቦዠና ልጅ ነች፤ እናቷና አክስቷ እንዲታረቁላት ብላ። ሄንሪካ ዛሬ ማታ ወደ ጀርመን ትመለሳለች። እዚያ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ናት። ሳይታረቁ ከሄደች ዳግመኛ አገሯን ፖላንድን ላትረግጥ ምላለች።

ወለሉ እንዳይጫር በጫማቸው ላይ ያጠለቁትን የሱፍ ነጠላ ጫማ እየጎተቱ ቀጠሉ። ከጣሪያው ላይ ወርቅ የተቀቡ ጉንጫም መላእክት ቁልቁል ያያሉ። ሄንሪካ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«እናታችንን አውጥተሽ ጣልሻት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የገዛ አልጋዋ እያለ፣ የአረጋውያን መጦሪያ!»

«አንቺስ? የሰው እናት ስታጥቢ አይደል የሞተችው?»

«መጦሪያው በማን ገንዘብ ተከፈለና ነው? አፍሽን ሞልተሽ ትናገሪያለሽ!»

«ኧረ ጸጥታ!» አለ ከወዲያ ጥግ ሌላ ጠባቂ።

መኝታ ክፍሉ ሲደርሱ ቦዠና ገመዱ አጠገብ ቆመች። የንግሥቲቱ አልጋ ዙሪያውን ሐር ተጋርዶበታል፤ ርዝመቱ ግን የልጅ አልጋ ነው የሚያህለው።

«ምን ይገትርሻል? እለፊ እንጂ!» አለች ሄንሪካ።

«በዚያ ዘመን በትራስ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው ነበር የሚተኙት ይላል» አለች ቦዠና የግድግዳውን ጽሑፍ እያየች። «እማማም እንደዚያው ነበረች። ስትጋደም ትታፈናለች። ክረምቱን በሙሉ ደረቴ ላይ ተደግፋ ነው የተኛችው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝና ከአልጋ ወደቀች። ሲነጋ መጦሪያ ወሰድኳት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» ሄንሪካ ጮኸች።

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ሄንሪካን ጥያቄው ይብስ አናደዳት። እህቷን በጥፊ ማለት አማራት፤ ራሷንም ጭምር።

ደጅ ሲወጡ ስልኳ ጮኸ። ለዓመታት ጀርመን ያመላለሳት የሚኒባስ ሹፌር ነው።

«ወይዘሮ ሄንሪካ፣ ማታ ከየት ልውሰድዎት? እንደ ሁልጊዜው ከጓደኛዎ ቤት?»

እናታቸው ከተቀበረች ወዲህ፣ እነዚህን ሁሉ ዓመታት፣ የቦዠናን ቤት ደጃፍ ረግጣው አታውቅም። ቦዠና ፈንጠር ብላ መሬት መሬት ታያለች።

«አይ» አለች ሄንሪካ ፊቷን እንዳጨፈገገች። «ከእህቴ ቤት።»

«እህት አለዎት እንዴ?»

«አለችኝ! ምነው?» ብላ ጮኸችበት።